ቀዩ በቆሎና የኔ መሐላ

ከተማችን መርሳ በታጣቂዎች ከተያዘች ሦስተኛ ወሯ ገደማ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው... የሺ የምትባል የሰፈራችን ገበሬ መጥታ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች።

መጋዘኑ የገበሬዎች ማኅበር ነው፤ ኃላፊው እኔ ነበርኩ። የሚበላውን እህል ታጣቂዎቹ በገቡ ሳምንት ጭነውት ሄደዋል። የቀረው ከዘር ጊዜ የተረፈ ጥቂት ኩንታል የበቆሎ ምርጥ ዘር ብቻ ነው። ነፍሳት እንዳይበሉት መድኃኒት ተቀብቶ ቀይ ሆኗል፤ ለመሬት እንጂ ለሰው ሆድ አይሆንም። በሩ ስለተሰበረ እኔና ጥበቃው ጋሽ ሰይድ በሽቦ አስረን ቀን ቀን እዚያው እንውላለን።

ስለ ራሴ ትንሽ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። በደህናው ጊዜ ሰኞ ሰኞ ሠራተኛውን ሰብስቤ «አባታችን ሆይ» ሳላስብል ሥራ አላስጀምርም ነበር። ከዚያ ስለ ታማኝነት አሥር ደቂቃ እሰብካለሁ። ጋሽ ሰይድ ሙስሊም ስለሆነ ጸሎቱ እስኪያልቅ ውጭ ይቆምና ለስብከቱ ይገባል፤ አለቃው ነኝ፣ ምን ያድርግ! ሰዉ «የቤተ ክርስቲያን ሰው» ይለኛል። እኔም ስሙን ወድጄዋለሁ።

«ጋሼ፣ ከዚያ በቆሎ አንድ ጣሳ ብቻ ይስጡኝ... ልጆቼ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሱም» አለችኝ። ባሏ እህል ፍለጋ ወደ ቆላው ከወረደ ሳምንት አልፎታል።

«የሺ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው። ይገላል።»

«አጥቤ አጥቤ ብቆላውሳ?»

«ሰባት ጊዜ ብታጥቢውም ያው ነው። ታጣቂዎቹ እንኳ አይተው ትተውት ሄዱ። ማርያምን፣ መርዝ ነው!»

ቀና ብላ አየችኝ። ጉንጯ ገብቶ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው።

«ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ብዬ ስመጣም ‹ማርያምን፣ አልቋል› ብለውኝ ነበር» አለች። «ከሰዓት በኋላ በአማችዎ ጋሪ ሲጫን ባይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

እውነቷን ነው። ማዳበሪያው ነበር። ለአማቼ አስቀምጬለት ነው የማልኩላት። «ማርያምን» ማለት ለኔ እንደ «እሺ» ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ እንኳ አይታወቀኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እችል ነበር። «ያኔ ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ፤ ዛሬ ግን እውነቴን ነው።» ይህችን ብቻ። ግን ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ቆሟል። ሁለት ሴቶችም መንገድ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። እንዴት ብዬ!

«ያኔም አልዋሸሁሽም፣ አሁንም አልዋሸሁሽም! ማርያምን!» ብዬ ጮህኩባት። ውሸቱንም እውነቱንም በአንድ መሐላ ጠቅልዬ ሰጠኋት።

«እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች። እኔም እፎይ አልኩ... ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በምሳ ሰዓት ጋሽ ሰይድ መስጊድ ሄደ። እኔም ቤቴን አየት አድርጌ ልመለስ ብዬ ሽቦውን ጠምዝዤ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ሽቦው ተፈቷል። አንዱ ጆንያ ተቀዷል፤ ብዙ አልጎደለም፣ አንድ ጣሳ ቢሆን ነው። ጋሽ ሰይድን ጠርቼ ወደ ቤቷ ሮጥን።

ደጃፏ ላይ ወድቃለች። ያስመልሳታል፣ ሰውነቷ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሦስቱ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ያይዋታል። ምድጃው አጠገብ የተቆላ በቆሎ አለ፤ ታጥቦ ታጥቦ እንኳ ቅላቱ አልለቀቀም።

«በልታችኋል?!» ብዬ ልጆቹ ላይ ጮህኩ።

ትልቋ ልጅ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። «እማዬ ከልክላናለች። ‹መጀመሪያ እኔ ልብላው፤ እስከ ማታ ካላመመኝ እናንተ ትበላላችሁ› ብላን ብቻዋን በላች።»

 የሺ በግማሽ አምናኛለች ማለት ነው። ልጆቿ የተረፉት በዚያች ግማሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ብታምነኝ ኖሮስ?

ጤና ኬላው ከተዘረፈ ቆይቷል። ነርሷ አለች፣ እጇ ግን ባዶ ነው። ወልድያ እንዳንወስዳት መንገዱ ተዘግቷል። ጋሽ ሰይድ ቃሬዛ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን ጤና ኬላው ወሰድናት፣ እንደያዝናት ተመለስን። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች። የቀበርናት ተጣድፈን፣ ጥቂት ሰዎች ሆነን ነው።

ባሏ በሦስተኛው ቀን ግማሽ ጆንያ ማሽላ ተሸክሞ ደረሰ። የሰማው ጆንያውን ካወረደ በኋላ ነው።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ባሏ አጠገብ ተቀምጦ «አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር» እያለ ያጽናናዋል። ሰውየው እኔን ሲያይ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ... ለኔ ተነሣልኝ!

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሰኔ ላይ ማዳበሪያው ነበር እንዴ?»

ዓይኔን ወደ ጋሽ ሰይድ መለስኩ።

«እሷ ‹ሲጫን አይቻለሁ፣ ዋሽቶኛል› ስትለኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስም ታጠፊያለሽ ብዬ በጥፊ መትቻታለሁ። ለዚያ ነው የምጠይቅዎ።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ነበር» አልኩ።

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ጋሽ ሰይድም አቀርቅሮ ቀረ።

ስለ ማዳበሪያው ማርያምን ሳልል የተናገርኳት የመጀመሪያዋ እውነት ያቺ «ነበር» ናት... መስማት የነበረባት ሰው ግን ተቀብራለች።