የመጨረሻው ምዕራፍ በሰንበቴ

የብርጓል ወልደ ሰንበት «ተይ» ሲሏት የሚብስባት ሴት ናት። ደብረ ኤልያስ ገጠር ተወልዳ፣ ደብረ ማርቆስ ተምራ፣ በተወለደችበት ቀበሌ የአማርኛ መምህርት ሆና ተመለሰች። ከተማ ቅሪ ብለው የመከሯት ብዙ ነበሩ፤ ስለመከሯት ነው የተመለሰችው።

ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረችውም በንዴት ነው። ተማሪዎቿ ስልካቸው ላይ ተደፍተው የሚያዩት ፊልም ሁሉ ስለ መጪው ዘመን ነበር፤ ከተማው ፈርሶ፣ ሰው በስሙ መጠራቱ ቀርቶ በቁጥር እየተጠራ፣ ልጆች ከጨካኝ ገዢ ሲያመልጡ። አንድ ቀን አንዷ ተማሪ «መምህርት፣ ዓለም ሲጠፋ እንኳ ጎጃም አይደርስም ማለት ነው?» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። የብርጓል አልሳቀችም። ጥፋቱም የፈረንጅ፣ ማምለጡም የፈረንጅ! እኛ ለዓለም ፍጻሜ እንኳ አንበቃም? በዚያው ሳምንት መጻፍ ጀመረች።

ታሪኳ እንዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የጎጃም ምንጮች ደርቀዋል። የተረፈችውን ውኃ «ጠባቂዎች» የሚባሉ ሰዎች ይዘዋታል፤ በየልጁ እጅ ላይ የጠጣውን ጉንጭ ሁሉ የሚቆጥር አምባር ታስሯል። ዜማ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አምባሯን ሰብራ፣ የመጨረሻውን ምንጭ ፍለጋ በደረቀው ሸለቆ ትጠፋለች። የብርጓል ይህን በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በእረፍት ሰዓት፣ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ታነብ ጀመር። ልጆቹ ኳሳቸውን ጥለው ድምፅ ማጉያው ሥር ይሰበሰባሉ። ድምፅ ማጉያ ደግሞ አጥር አያውቅም፤ ከጎን የሚያርሰውም፣ ገበያ የሚሄደውም ይሰማል።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። በአንደኛው ምዕራፍ በረዶ ወርዶ አዝመራ ያወድማል። በዚያው ሰሞን የእውነቱ በረዶ ወረደና ከትምህርት ቤቱ ጎን የሚያርሰውን የአንሙትን ገብስ ከመሬት ጋር ለጠፈው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ምንጭም ከወትሮው ሳስቶ ነበር፤ አገሬው ሁለቱንም ከታሪኩ ጋር ደመረ። የአስተማሪዋ አፍ ነው ተባለ። ሟርት ነው ተባለ። ርእሰ መምህሩ «ነገሩ ይብረድ» ብሎ ማይክሮፎኑን ቆለፈባት። የቀራት የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር።

በዚያ አገር እርግማን ይነሳል። የረገመ ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ «አንስቻለሁ» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሽማግሌዎቹ ልብ ወለዱንም እንደ እርግማን ቆጠሩት። እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ዳቦና ጠላ በሚቀምስበት ሰንበቴ ላይ ቀርባ ታንሳ ብለው ፈረዱ። መልእክቱን ያመጡላት ደግሞ የድጓ መምህሩ የኔታ ወልደ ሰንበት፣ የገዛ አባቷ ናቸው።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ፈጠራ ነው፤ ማንንም አልረገምኩም» አለቻቸው።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ የኔታ። «እሁድ ታነሺዋለሽ። ካላነሳሽው ደጄን እንዳትረግጪ።»

የብርጓል ሲሄዱ ጠብቃ አለቀሰች። አባቷን ትወዳለች። ፊደል ያስቆጠሯት፣ «ሴት ልጅ ቅኔ ምን ያደርግላታል?» ሲባሉ «ምን ያደርግባታል?» ብለው የመለሱ እሳቸው ናቸው። እልኋም ከማን እንደወረደ አገር ያውቃል። ግን ዜማን ከዚያ ሸለቆ መሀል ትታ «አንስቻለሁ» ማለት፣ የሰው ልጅ መንገድ ላይ ጥሎ እንደ መሄድ ሆነባት።

እሁድ ነጠላዋን አጣፍታ ሰንበቴው ፊት ቆመች።

«በይ አንሺ» አሏት ሽማግሌዎቹ።

«ግማሽ እርግማን ሲነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች። «መጀመሪያ ነገሩ ተነግሮ ይለቅ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሥርዓት የሚወድ ሰው በሥርዓት ሲመጡበት መግቢያ ያጣል። አንሙት ዋንጫውን አስቀምጦ «ይነበብ እንጂ! ገብሴን የበላው ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ልስማ» አለ።

አነበበች። ዜማ የመጨረሻውን ምንጭ አገኘችው፤ እሱም ደርቋል። ዙሪያውን የባሕር ዛፍ ጉቶ ከቦታል። ለካ ጠባቂዎቹ የቆለፉት የተረፈውን ነው፤ ምንጩን ያደረቁት እነሱ አይደሉም። ከመቶ ዓመት በፊት፣ ደግ አባቶች፣ ለልጆቻችን ብለው፣ ከምንጩ አፍ ላይ ዛፍ ተክለው ነበር። ዜማ ጉቶው ላይ ቆማ «የትኞቹ ልጆቻችሁ ናቸው?» ብላ ትጮኻለች። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ከምንጩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ የሌለው ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ ለምንጩ የቀረበውና የወፈረው ግን የየኔታ ነው። ዓይን ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።

«አሁን አንሺው» አሉ የኔታ።

«አላነሳም። በረዶውን እኔ አላወረድኩትም። ምንጩን የሚጠጣው ማን እንደሆነ ግን እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቃለን። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው አባቴ። ደጅዎን አልረግጥም።»

ይህን ብላ ወጣች። ፈርታለች፤ ግን አልተጸጸተችም።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ መጥረቢያና ገመድ ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች። ከአባቷ ዛፎች አንዱ ረድፍ የእሷ ነው፤ መምህርት ስትሆን «ለቤት መሥሪያሽ» ብለው ሰጥተዋታል። እንግዲህ የምትቆርጠው ቤቷን ነበር። የመጀመሪያው ዛፍ ላይ ገና ግማሽ ሳትደርስ መዳፏ ተላጠ። ሰዉ ዳገቱ ላይ ቆሞ ያያል፤ ማንም አይወርድም። ከተማሪዎቿ ሁለቱ ሊያግዟት ሲንደረደሩ እናቶቻቸው ጎትተው አስቀሯቸው።

የኔታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው መጡ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩ ጀመር። እሷም ቀና ብላ እጅ ነሳችና ወደ መጥረቢያዋ ተመለሰች። ብዙ ቆዩ። ዛፉ መንቋቋት ሲጀምር የኔታ አላስቻላቸውም።

«ምንጩ ላይ ይወድቅብሻል! በገመድ ወደ ዳገቱ ሳይወጠር እንዲህ ይቆረጣል?»

«እኔ እኮ አላነሳሁም፣ አባቴ።»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም» አሉ እየተነሱ። «ገመዱን አምጪ።»