ሰንበት ሲሆን የሚለቃት ሕመም

ይህ የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ጎጆ የወጣሁ ወጣት ገበሬ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ትዳሬን ላፈርስ ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

ባለቤቴ የውብዳር ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር የመጣች ናት። በተጋባን ባመቱ ታመመች። ጠዋት ጠዋት ደረቷን ይጫናታል፣ ያጥወለውላታል፣ ያለ ምክንያት ትፈራለች። እኔ ማሳ ስለምውል ምንም አላገኘኝም። የሚገርመው፣ እሑድ እሑድ ደህና ትሆናለች።

ጎረቤት ሁሉ "ሰንበት የሚፈራ መንፈስ ነው" አለ። ጠበል ወሰድኳት። እዚያ ተሻላት፤ ቤት ስንገባ ተመለሰባት።

አንድ ቀን "ቤትህ አልተስማማኝም፤ ወደ እናቴ ስደደኝ" አለችኝ። እያዘንኩ እሺ አልኩ። በቅሎም ተውሼ መጣሁ።

በምትሄድበት ጠዋት አክስቴ ጥሩነሽ ሊሰናበቷት መጡ። አክስቴ በጎልማሳነታቸው ታመው ጆሯቸው ፈጽሞ አይሰማም። ግድግዳውን ተደግፈው ትንሽ እንደተቀመጡ ቀና አሉ። ተነሥተው ምሰሶውን በመዳፋቸው ያዙ።

"ቤቱን ምንድን ነው የሚያንቀጠቅጠው?" አሉኝ።

ምንም እንደሌለ በእጄ ምልክት ነገርኳቸው።

"የለም አትበለኝ ልጄ፤ መዳፌ ውስጥ ነው።"

በጣባ ውሃ ቀድተው መሬት ላይ አስቀመጡ። ጎንበስ ብለን አየን። የውሃው ፊት ይርገበገባል። ድምፅ ግን የለም።

ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ማዶ ጣሊያኖች ሰፍረው ነበር። እዚያ ድንጋይ የሚፈልጥ ጎረቤቴ ዘንድ ሮጥኩ። ትልቅ ሞተር መትከላቸውን፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚሠራና እሑድ እንደሚያርፍ ነገረኝ። ጩኸቱ ጉብታውን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

በቅሎዋን ላዋሰኝ ሰው መለስኩ። በሳምንቱ ከማሳዬ ጫፍ፣ ከጣሊያኖቹ ሰፈር ርቄ ሌላ ጎጆ ቀለስኩ። እዚያ ከገባን ወዲህ የውብዳር ቀስ በቀስ ዳነች።

ሞተሩ ይሁን ሌላ፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። የተማሩ ልጆቻችን ግን ጆሮ የማይሰማው፣ ሰውነት የሚያውቀው ድምፅ አለ ይሉኛል። አክስቴን ነፍስ ይማር።

መንፈስ ነው ብዬ በማመኔ የውብዳርን ስንት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

"ተወው እባክህ" ትለኛለች። "አንተ ታመህ ቢሆን ኖሮ እኔም ግሽ ዓባይ ድረስ ጠበል ለጠበል አንከራትትህ ነበር።"

ይህን ለልጃችን እየነገርኩ ሳስጽፍ አጠገቤ ናት። የአክስቴ ስም ሲነሣ የምትፈትለውን ጥጥ አስቀምጣ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም እስክትጨርስ ጠበቅኋት።