የሚጠባው ያጣ ወተት

ኩላሊቶቼ ሥራ ያቆሙት ደብረ ማርቆስ ሂሳብ ሳስተምር ነው። ያኔ በከተማችን የኩላሊት እጥበት ስላልነበረ አዲስ አበባ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ገባሁ። ባለቤቴ ደምበጫ ሱቅ ነበረው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ በኋላ በየበዓሉ፤ ከዚያ በስልክ ብቻ ሆነ።

ልጅ አልነበረንም። የወር አበባዬም ከታመምኩ ወዲህ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ከእጥበት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ቀሚሴ ደረቴ ላይ ርሶ አየሁ። ውሃ የፈሰሰብኝ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ሳየው ወተት ነው።

ለማን ይነገራል? አገር ቤት አማኑኤል ከተማ ያለችው እናቴ ብትሰማ አረገዘች ብላ እልል ትላለች። ባለቤቴ ደውሎ "ደህና ነሽ?" ሲለኝ "ደህና ነኝ" አልኩት። ነጠላዬን አጣጥፌ ደረቴ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው እጥበት ለሐኪሟ በሹክሹክታ ነገርኳት። ደሜን አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ለሚያጠቡ እናቶች ወተት የሚያመጣ ሆርሞን አለ። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወግደዋል፤ ያንቺ ስላልቻለ ደምሽ ውስጥ በዝቷል። የወር አበባሽን ያስቀረውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።"

"ማሽኑ አያጥበውም?"

"እሱን በደንብ አያወጣውም።"

"እርጉዝ አይደለሁም ማለት ነው?"

"አይደለሽም፣ እህቴ።"

መልሱን አውቀው ነበር። ቢሆንም ከሰው አፍ ስሰማው አለቀስኩ።

ደብረ ኤልያስ የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ሊለግሰኝ ተመርምሮ ኩላሊቱ ከኔ ጋር ተስማማ። ጤፉን ሳይወቃ ትቶት መጣ። ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ፣ "እትዬ፣ ጥንድ የሚያስፈልገው ለበሬ ነው፤ ኩላሊትማ አንድ ይበቃል" አለኝ።

ከንቅለ ተከላው በኋላ ሆርሞኑ ወረደ፤ ወተቱም ደረቀ። ከወራት በኋላ የወር አበባዬ ሲመለስ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለባለቤቴ ደወልኩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። "ግን… እኔ ልጅ ተወልዶልኛል።"

"እንኳን ማርያም ማረቻት" አልኩት።

አሁን ደብረ ማርቆስ ተመልሼ አስተምራለሁ። ወንድሜ ለገበያ ሲመጣ እኔ ዘንድ ያድራል። ስለ ጠባሳችን አናወራም፤ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቶቹ ይነግረኛል። ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ እሸኘዋለሁ። መኪናው ከወጣ በኋላም ቶሎ ወደ ቤቴ አልመለስም።