የኔ ለብቻ ነው

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወላጆቿን ያጣችው የቦኬ ገጠር ልጅ እኛ ቤት ስትገባ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እኔ አሥራ አራት ነበርኩ። የአሰበ ተፈሪ ቀበሌያችን ወላጅ አልባ ልጆችን ለማደጎ ሲሰጥ እናቴ «እሷ እኔ ጋ ትሁን» አለች። ጎረቤት «በዚህ ኑሮ?» ቢላት፣ «ላም ቀንዷ አይከብዳትም» ብላ አፉን አስያዘችው።

ልጅቷ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን። እናቴ የልጅቷን እምነት እንደ አደራ ያዘችው። ሥጋ የምንበላ ቀን ለሷ ከእስላም ሥጋ ቤት ለብቻ ትገዛለች፣ የኛ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ትንሽ ድስት ትሠራለች፣ በራሷ ሳህን ታቀርብላታለች። «እናት አባቷ ቢነሡ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ትል ነበር። የሚያስቀው ግን ልጅቷ ጾማችንን ከኛ በላይ መውደዷ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ስለሆነ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። «አዮ፣ ነገ ጾም ነው?» ትላታለች እናቴን፤ በኦሮምኛ እማዬ ማለቷ ነው። ጾሙ መቼ ባለቀልኝ እያልኩ ስነጫነጭ እሷ በጣቷ ቀን ትቆጥራለች።

ከዚያ አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ያስፈልግ ነበር፤ አልክድም። በማደጎ የወሰዷቸውን ልጆች እንደ ገረድ እያሠሩ ፍርፋሪ የሚሰጡ ነበሩ። እናም ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ የማይበላ ልጅ ከዚያ ቤት እንዲወሰድ ተወሰነ። እኛ ቤት ሐሙስ ቀን፣ ምሳ ላይ መጡ። አንድ ቀን ቀደም ብለው ቢመጡ ምን ነበረበት!

«ከነሱ ጋር ትበያለሽ?» አላት ሰብሳቢው፣ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ሰው።

«የኔ ለብቻ ነው» አለች ኮራ ብላ። ሮጣም ድስቷን አምጥታ አሳየችው።

«ጓድ፣ እምነቷን ብዬ እኮ ነው» አለች እናቴ።

«ሃይማኖትን የአድልዎ መሸፈኛ አታድርጊው!» ብሎ ወደኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ለብቻዋ ነው የምትበላው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ለምን እንደሆነ መጨመር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ለዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

«ለይተው ያበላሉ» ብሎ ጻፈ። ልጅቷን በክንዷ ይዘው ወደ ላንድሮቨሩ ሲወስዷት ነገሩ ገባት።

«አዮ፣ ከእናንተ ጋር እበላለሁ! የእናንተንም ሥጋ እበላለሁ!» እያለች ጮኸች።

እናቴ እየሮጠች ተከተለቻት። «እንዳትበዪ ልጄ! የትም ቢወስዱሽ እንዳትበዪ!»

ሰብሳቢው ቆም ብሎ ይህንንም ጻፈ። የት እንደወሰዷት የነገረን ሰው የለም።