ሁለት መቶ አርባ ቀይ ቴምብር

ጋሽ ዋለልኝ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ነው የሚኖሩት፤ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው የስደተኛ ሰፈር፣ ሊፍቱ በየሳምንቱ በሚበላሸው ሕንፃ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዳውንታውን ፓርኪንግ ሠርተዋል። ሰው የሚያውቃቸው ግን በፓርኪንጉ ሳይሆን በቴምብር ነው። የአባቱን ደብዳቤ ወይም የሟች አጎቱን አልበም የያዘ ሁሉ፣ «ጋሽ ዋለልኝ፣ ይቺ ምንድን ናት? ስንት ታወጣለች?» እያለ ይመጣል። እሳቸውም በወረንጦ አንስተው በማጉያ መነፅር ያዩና፣ ብዙውን ጊዜ «ለማስታወሻ ያዛት» ይላሉ። ምንም አታወጣም ማለታቸው ነው። ሰውን በቀጥታ ማሳዘን አይሆንላቸውም።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ፖስታ ቤት፣ መስኮት ላይ ነበሩ። ቴምብር ካልተቀደደ ትልቅ ወረቀት ነው፤ እሳቸው ሉህ ይሉታል። ደንበኛ ሦስት ሲል ሦስት፣ አምስት ሲል አምስት እየቀደዱ መስጠት ነበር ሥራቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት ስቀድድ ኖርኩ፣ ተሻለች» አሉኝ አንድ ቀን ላውንድሪ ክፍል ተቀምጠን። «አሁን ያልተቀደደ ማየት አማረኝ። የድሮ የእንግሊዝ ሙሉ ሉህ በመጽሐፍ አይቼ እንጂ በእጄ ይዤ አላውቅም።»

ይህን ሲሉኝ ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ነበር። አሁንማ እኔንም የሚለዩኝ በድምፄ ነው። ሐኪሙ ከዚህ ወዲህ መነፅር አይረዳም ብሏቸዋል።

ባለፈው መጋቢት አቶ ወልደገብርኤል የሚባሉ የስካርቦሮ ሽማግሌ ደወሉላቸው። ጠጂቱ የምትባል ሴት ሞታ፣ ልጆቿ አቢይና ጸዮን ተኳርፈው፣ ሽማግሌው ዕቃዋን እያካፈሏቸው ነበር። ኩርፊያው እናታችንን ማን አስታመመ፣ ማን ቀረ የሚል ነው። ስለዚህ አቶ ወልደገብርኤል ሁሉንም እኩል አደረጉት። ማንኪያው ስድስት ስድስት፣ ጋቢው አንድ አንድ። የቀረው አንድ የእንግሊዝ ቴምብር ሉህ ነው።

«ቅዳሜ መሃሉን ቀድደን እንሰጣቸዋለን። ምንነቱን ብቻ መጥተው ይንገሩን» አሏቸው።

ጋሽ ዋለልኝ በደረጃ እየዳበሱ ወርደው በር አንኳኩብኝ። «ተሻለች፣ ዓይንሽን አውሺኝ። ሊቀድዱት ነው።»

«እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ምን አነብልዎታለሁ?»

«ክብና አራት ማዕዘን ትለያለሽ?»

«እሱንስ እለያለሁ።»

«ይበቃል።»

ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያመኝ ነበር። የረገጥነው በረዶም ጭቃ ሆኗል። ሁለት ባስ ይዘን ሄድን። እሳቸው መንገዱን ሁሉ ማጉያውን ኪሳቸው ውስጥ እንደጨበጡ ነበር።

ስንደርስ ሉሁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ መቀስም አጠገቡ። አቢይ መስኮቱ ጋ ስልኩን ይነካካል፣ ጸዮን ሶፋው ላይ ፊቷን አዙራለች። የጠጂቱ አባት በእንግሊዞች ጊዜ አሥመራ ፖስታ ቤት ተላላኪ ነበሩ። እሷም ሉሁን ስንት አገር አዙራ፣ ከፍራሽዋ ሥር በካርቶን መሃል አኑራው ኖራለች። ቀይ ነው፣ የንጉሥ ራስ ያለበት፤ በየንጉሡ ላይ ሦስት ጥቁር ፊደል። እንግሊዝ ከጣልያን በያዘው አገር ሲገዛ የራሱን ቴምብር እንዲህ እየጻፈበት ነበር የሚሸጠው።

ጋሽ ዋለልኝ መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡና በደንብ አደረቁ። ከዚያ ገለበጡት። «ሙጫው ያብረቀርቃል?»

«ያብረቀርቃል።»

«ዙሪያውን ነጩ ዳር አለ?»

«አለ።»

«ቁጠሪ።»

አሥራ ሁለት ወደ ጎን፣ ሃያ ወደ ታች። «ሁለት መቶ አርባ» አሉ። «ድሮ አንድ ፓውንድ ሁለት መቶ አርባ ፔኒ ነበር። ይቺ የአንድ ፔኒ ቴምብር ናት፤ ሙሉው አንድ ፓውንድ ነው።» ከዚያ ማጉያውን ሰጡኝ። «በፊደሎቹ መሃል ነጥብ አለ። ምን ዓይነት ነው?»

«አራት ማዕዘን።»

«ወደ ታች ውረጂ።»

ወረድኩ። እስከ አሥረኛው ረድፍ ድረስ አራት ማዕዘን ነው። አሥራ አንደኛው ላይ ክብ ሆነብኝ። ዓይኔ ነው ብዬ እንደገና አየሁ። ክብ ነው፤ እስከ መጨረሻው ክብ።

ነገርኳቸው። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ሁለት ዓይነት ፊደል በአንድ ወረቀት። ነጠላው ርካሽ ነው፤ የሚፈለገው ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። እናንተ ልትቀድዱት ያሰባችሁት የት ላይ ነው?»

አቶ ወልደገብርኤል ጣታቸውን አሳረፉ። በእርሳስ ምልክት ያደረጉት አሥረኛውና አሥራ አንደኛው መሃል፣ ልክ መገናኛው ላይ ነበር።

«ኦንላይን ቼክ አድርጌያለሁ» አለ አቢይ። «አንዱ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ታይምስ ሁለት መቶ አርባ፣ አለቀ።»

«አንተ እማዬንም በካልኩሌተር ነበር የምታስታምማት» አለች ጸዮን።

«ቢያንስ ከፍያለሁ።»

«በቃ!» አሉ ሽማግሌው። «ጋሽ ዋለልኝ፣ ቁርጡን ይንገሩን።»

«ሙሉው ለሚፈልገው ሰው የሁለት ወር የቤት ኪራይ ያወጣል። እዚህ ላይ ከቀደዳችሁት የሳምንት አስቤዛ አይሞላም። ልጆቼ፣ አንዳችሁ ያዙት። ወይ ይሸጥና ተካፈሉ። አትቅደዱት።»

«እሷ ጋ ከሚቀመጥ ይቀደድ» አለ አቢይ።

«እሱ ከሚሸጠው ይቀደድ» አለች ጸዮን።

ከእናታቸው ቀብር ወዲህ የተስማሙት በዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለጋሽ ዋለልኝ የቀረበላቸው ሻይ በረደ። እጃቸው ሉሁ ዳር ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ተነስተን እንሂድ ልላቸው ፈለግሁ፤ ደክሞኝ ነበር፣ የሰው ልጅ ጠብ ያደክማል።

«እንግዲያው አግድም አይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ቁልቁል ይቀደድ። ስድስት መስመር ለእሱ፣ ስድስት ለእሷ። መገናኛው ለሁለቱም ይደርሳል። የሙሉውን ያህል አያወጣም፤ ግን ሜዳ ላይ አይቀሩም።»

አቶ ወልደገብርኤል አንገታቸውን አዘንብለው አሰሉ። «መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ። እኩል ነው!» ብለው መቀሱን አነሱ።

«መቀሱን ያስቀምጡት። የቴምብሩን ጥርስ ይበላዋል። እኔ እቀድደዋለሁ።»

በቴምብሮቹ መሃል ካለው የቀዳዳ መስመር መካከለኛውን በጣታቸው ቆጥረው አገኙት። በጥፍራቸው እየተጫኑ ወዲህ አጠፉት፣ ወዲያ አጠፉት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቀስ ብለው መሳብ ጀመሩ፤ ጥር፣ ጥር፣ ጥር። ወረቀቱ ትልቅ ስለሆነ መወዛወዝ ሲጀምር ጸዮን ብድግ ብላ ጫፉን ያዘች። አቢይም ስልኩን ጥሎ የወዲያኛውን ያዘ። ሲያልቅ ሁለቱም ድርሻቸውን እንደያዙ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ አቢይ ወደ መስኮቱ፣ እሷም ወደ ሶፋዋ ተመለሰች።

ባሱ ውስጥ ጋሽ ዋለልኝ ራሳቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ።

«ሙሉ ሆኖ ስንት ሰዓት ቆየልን?»

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«እኔ ቀዩን ብቻ ነው ያየሁት። ልክ እንደ በርበሬ ስጥ» አሉና ቆይተው፣ «ቀጥ ብሎ ተቀደደ?» አሉኝ።

አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዓይኔን ነው የተዋሱት። «ከታች፣ አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ፣ አንድ ጥርስ ከጸዮን ወደ አቢይ ሄዷል።»

«ታውቆኛል» አሉ። «እጄ ነግሮኛል።»

እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጄን ስንደርስ ቀሰቀስኳቸው። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም ነበር።