ሄዶ የሚያውቅ ሐይቅ

ሹክሪያ ከጭሮ ሐረማያ ድረስ የመጣችው ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ጉባኤ ቢሆንም፣ ካሜራዋን ያነገተችው ለሐይቁ ነበር። ልጅ ሳለች በዚያ ስታልፍ ውሃው ደርቆ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ አይታለች። አሁን ውሃው ተመልሷል፤ በጥቅምት ብርሃን ሳቢሳ የሚባሉት ወፎች ሲያርፉበት ፎቶ ማንሳት የዓመት ምኞቷ ነው።

በመርሐ ግብሩ የሐይቅ ጉብኝቱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሊሆን ነው፤ አለቃዋ አቶ አብዱናስርም ሾፌሩም ግን በእንግዳ ማረፊያው ሳሎን በርጫ ላይ ናቸው፤ ጫታቸውን ይዘው ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል። ነገ በማለዳ ደግሞ ወደ ጭሮ መመለስ ነው።

"አቶ አብዱናስር፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው፤ እንነሳ እንጂ!" አለች በሩ ላይ ቆማ።

"ሹክሪ፣ ምርቃናው ሳይመጣ? ነይ ቁጭ በይ። ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድ!"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ደሟ ፈላ። ጠዋት መድረክ ላይ ስለ ውሃ መመናመን ሲናገሩ እንባ ሊቀድማቸው የነበረው እኚሁ ሰው ናቸው!

"ሄዶ ያውቃል እኮ!" ብላ ጮኸች። "ወላሂ ሄዶ ያውቃል! እናንተ እንዲህ ጋደም እንዳላችሁ ነው የሄደው!"

ሳቁ ቀጥ አለ። ሐይቁ ላይ ሊፈስ የሚገባው ወርቃማ ብርሃን፣ በሩ ላይ በተደረደሩት ጫማዎቻቸው ላይ ተደፍቷል። ጎንበስ ብላ ፎቶ አነሳችው።

"ይሄ ለጉባኤው ሪፖርት ሽፋን ይሆናል" አለችና ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ሐይቁ ዳር ስትደርስ ብርሃኑ ይጠብቃት አይጠብቃት አታውቅም። ሾፌሩ ከኋላዋ "ቆይ፣ መጣሁ!" ሲል ግን ዞራ አላየችውም።