ከካሊዮ እጅ የተፈታው ገመድ

በጥር፣ ብርዱ ገና ሳይወጣ፣ ለጥቂት ቀናት ነፋሱ ጸጥ ይላል። ባሕሩ እንደ ዘይት ይረጋል። ፀሐይዋ ግድግዳውን ታሞቀዋለች፣ ድመቶች ደረጃ ላይ ይዘረጋሉ፣ እኛ ሴቶች ብርድ ልብሳችንን አውጥተን እናሰጣለን። ለማያውቅ ሰው የደስታ ቀን ይመስላል። ዶኑሳ ደሴት የተወለድን ሰዎች ግን ያንን ጸጥታ አናምነውም። ነፋስ ሲኖር ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ሲጠፋ ግን የት እንደተደበቀ ማን ያውቃል? በእነዚያ ቀናት ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

ማሩሶ ልጇን ይዛ የሄደችው በእንዲህ ያለ ሳምንት ነው።

የባለጀልባው የዴሞስ ሚስት ነበረች። በዚያን ጊዜ ደሴታችን መርከብ የሚጠጋበት ወደብ አልነበራትም። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ጎኑ ላይ ያለችው በር ትከፈታለች፣ መንገደኛው በጀልባ ይወሰድና ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ እስኪያደርጋት ጠብቆ ወደ በሯ ይዘላል። ዴሞስ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው አሻግሯል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ደግፎ ሲያወጣ እግሩ አዳለጠውና በጀልባዋና በመርከቡ መሀል ገባ። ማሩሶ ከዳር ቆማ አየችው። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ውሃ ዳር አልወረደችም። ዓሣ እንኳ ሲያምራት ጎረቤት ነበር የሚያመጣላት።

ግን ልጇ ካሊዮ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁርና ቁጢጥ ብላ ትንፋሿ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ከጎረቤት ደሴት ከናክሶስ የመጣው ሐኪም ደረቷን አዳምጦ ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ለማሩሶ ነገራት፤ ደብዳቤም ጻፈ።

«ከውጭ አገር የመጣ ሐኪም አቴና ሆስፒታል አለ» አላት። «ቀዶ ሕክምና የሚያደርግላቸውን ልጆች የሚመርጠው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ እስከሚመጣው ዓመት አይመለስም።»

«የሚመጣው ዓመት ይደርሳል» አለች ማሩሶ።

ሐኪሙ ልጅቷን አየና «ለእሷ መድረሱን እንጃ» አለ። ማሩሶ ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ሰኞ ጠዋት፣ ራሷ ፈትላ የገመደችውን የሱፍ ገመድ አንዱን ጫፍ በልጅቷ እጅ፣ ሌላውን በራሷ እጅ አሰረች። ጀልባዋ መርከቡ ሥር ስትደርስ የዴሞስን ቦታ የያዘው ሌፍቴሪስ እጁን ዘረጋላት።

«ዓይንሽን ጨፍኚና ዝለይ፣ ማሩሶ። የያዝኩሽ እኔ ነኝ።»

«ዴሞስም እንዲህ ነበር የሚለው» አለችው።

ልጅቷን አቅፋ ዘለለች። ለሐኪሙ ያዘጋጀችው አይብና እንቁላል ያለበት ቅርጫት ግን ከክንዷ ሾልኮ ውሃ ውስጥ ገባ። ባሕሩ አልተንቦጫረቀም፤ ዝም ብሎ ዋጠው። ማሩሶ ያንን በበጎ አላየችውም። እኛ ዘንድ ባዶ እጁን ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው የለም፤ የታመመውን ሰው እንደ ማራከስ ነው የሚቆጠረው።

ከመርከቡ ውስጥ እትዬ ስታማቲናን አገኘች። የሰፈራችን አሮጊት ናት፤ ወለሉ ላይ ተጋድማ፣ እንዳያስመልሳት ሎሚ እያሸተተች አቴና ልጇ ቤት ትሄዳለች።

«ምነው አንቺ፣ ፍየል ገበያ እየወሰድሽ ነው እንዴ?» አለች ገመዱን አይታ። «ፍቺላት እንጂ፣ ልጅቷ ትተኛበት።»

«ስንደርስ እፈታዋለሁ፣ እትዬ።»

ካሊዮ እንቅልፍ ወሰዳት። ማሩሶ ግን ከንፈሯን እያየች ተቀመጠች። ሞተሩ ድምፁን በለወጠ ቁጥር ገመዱን ትጨብጣለች።

ቀትር ላይ ሲሮስ ደሴት ወደብ ደረሱ። ሌላ ጊዜ ሉኩሚ የሚባለውን የስኳር ጣፋጭ የሚሸጡት ነጭ ለባሾች ጣፋጫቸውን በቅርጫት ይዘው መርከቡ ላይ ይወጣሉ። ያን ቀን መርከቡ ዘግይቶ ስለነበር አላስወጧቸውም፤ ከታች ሆነው ይጣራሉ።

«ቅርጫትሽን ዓሣ በልቶታል» አለች እትዬ ስታማቲና። «ልብ የሚጠግን ሰው ፊት ምን ይዘሽ ልትቆሚ ነው? አንድ ሳጥን ሉኩሚ ይዘሽ ነይ። እኔ እዚሁ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ?»

ማሩሶ ልጅቷን መቀስቀስ ፈራች። ገመዱን ከትንሿ እጅ ፈታችና ወረደች።

የጽጌረዳ ጣዕም ያለውን መርጣ ሳጥኑን ስትቀበል ከኋላዋ ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማች። ዞር ስትል የመርከቡ የብረት መውረጃ የሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሏል። ሳጥኑን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ ገመዱ ከሌላው እጇ እየተንጠለጠለ፣ ጀልባ ከውሃ በሚጎተትበት ተዳፋት በኩል ውሃው ውስጥ ገባች። ያ አራት ዓመት የሸሸችው ውሃ ወገቧ ደረሰ። ሻጩ ሮጦ ከነጫማው ገብቶ ሻርፗን ያዛት።

«አንቺ ሴትዮ፣ መርከብ በእግር አይደረስበትም።»

«ልጄ እዚያ ናት። ደብዳቤዋ እኔ ጋ ነው።»

እጇን ይዞ ወደብ ጠባቂዎቹ ቢሮ ወሰዳት። ሹሙ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሬዲዮውን ከፈተና መርከቡን ጠራ። ከብዙ ጩኸት በኋላ አንድ ድምፅ መለሰ፦ «መመለስ አንችልም። ልጅቷ ነቅታለች። አሮጊቷ እወስዳታለሁ ትላለች፣ ግን ማንበብ አትችልም።»

«እንግዲያው ጻፍ» አለ ሹሙ። የሆስፒታሉን ስም፣ የሐኪሙን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቃል በቃል አነበበለት። «ወረቀቱን የልጅቷ ደረት ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው።»

«ከንፈሯ እንዴት ነው በለው» አለች ማሩሶ።

ሹሙ አመነታ፣ ከዚያ ጠየቀ። ሬዲዮው ለረጅም ጊዜ ፏጨ።

«ጠቁሯል» አለ ድምፁ። «እናቴን ትላለች።»

ሌላ መርከብ እስከ ማግሥቱ አልነበረም። ቀሚሷ ላይዋ ላይ ደረቀ። በማግሥቱ ከሲሮስ እስከ አቴና ወደብ እስከ ፒሬየስ ድረስ መውጫው በር አጠገብ ቆማ ሄደች፤ መርከበኞቹ ቢለምኗትም አልተቀመጠችም። በየደቂቃው ልጇን አንድ ጊዜ ሞታ፣ አንድ ጊዜ ጠፍታ ታያት ነበር።

ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ እትዬ ስታማቲና ተቀምጣለች፤ የደረቀው ሎሚ አሁንም እጇ ውስጥ አለ። ማሩሶ እፊቷ ቆመች።

«ምን እንዲህ ታፈጫለሽ?» አለች አሮጊቷ። «አይቷታል። መርጧታል። ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ያደርግላታል።» ከዚያ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። «ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ማሩሶ።»

ማሩሶ ውስጥ ገብታ አልጋው ዳር ተንበረከከች። ካሊዮ ወረቀቱን ከደረቷ ላይ አላስነሳ ብላ ይዛዋለች። እናቷን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ገመዱን ፈታሽው» አለች።

ልጅቷ ዳነች። ሐኪሙም ጥጉ የረጠበውን ሳጥን ከፍቶ አንዷን ሉኩሚ እዚያው ቆሞ በላት። ከፋሲካ በኋላ ሊመለሱ ሻንጣ ይዘው ወደ ፒሬየስ ወደብ ወረዱ። የመርከቡ ሰንሰለት ሲንኳኳ ማሩሶ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ከመግቢያው ተመለሰች። አራተኛ አልሞከረችም። እዚያው አንድ ክፍል ተከራይታ የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች ልጇን አሳደገች። ትታው የሄደችው ቤቷ እዚህ ደሴቱ ላይ ከእኔ ቤት በላይ ነው፤ ጣራው ወድቋል፣ መሀሉ ላይ በለስ በቅሏል። እኔ አሁንም በዚያ ሳልፍ በሩን አያለሁ።

ዛሬ ወደብ ተሠርቶልናል፤ መርከቡ ይጠጋል፣ የሚዘል ሰው የለም። ካሊዮ በየነሐሴው ትመጣለች። ባለፈው ነሐሴ እንደነገረችኝ ማሩሶ በሕይወት አለች፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከፒሬየስ በላይ፣ ኒቄያ በሚባል ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለ ምድር ቤት፣ ባሕሩ በማይታይበት ነው።